ፖሊስ በመጥራቴ ቤት ልቀቂ ተባልኩ

ደብዳቤው በራችን ላይ ተለጥፎ ጠበቀኝ። ማታ ከሥራ እስክገባ ጎረቤቱ ሁሉ ሲያነበው ውሏል ማለት ነው። እንግሊዝኛዬ ስለማያስተማምን የዘጠኝ ዓመት ልጄን አስነበብኩት። «ረብሻችኋል፣ ፖሊስ ሦስት ጊዜ መጥቷል፣ በ30 ቀን ልቀቁ ይላል» አለኝ። ትንሽ ቆይቶ «እማዬ፣ ሁለተኛ ቤት ውስጥ አልሮጥም» አለ። ረብሻው የእሱ ሩጫ መስሎታል።

ሦስቱንም ጊዜ ፖሊስ የጠራሁት እኔ ነኝ። አባቱ ሲመታኝ።

የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ በሴክሽን 8፣ ማለትም መንግሥት ኪራይ በሚደጉምበት ፕሮግራም ነው። አንዴ ካመለጠ ወረፋው ዓመታት ይፈጃል። ለማኔጀሯ ላስረዳት ብሞክር «ሊዙ (የኪራይ ውሉ) ላይ የፈረማችሁት ሁለታችሁም ናችሁ» አለችኝ። ቤተ ክርስቲያን የማውቃቸው እናት ደግሞ «ልጄ፣ ገመናሽን ለባዕድ ባታወጪው ይሄ ሁሉ ባልመጣ» አሉኝ። አልቀየምኳቸውም፤ እኔም ያን ሰሞን የማስበው እንደዚያው ነበር።

ዕቃ በካርቶን ማሸግ ጀምሬ ነበር። የሥራ ባልደረባዬ ናት እየጎተተች ነፃ የሕግ ድጋፍ የሚሰጡ ጠበቆች ጋ የወሰደችኝ። ጠበቃዋ ስለ ባሌ ከመጠየቋ በፊት ቤቱን ስከራይ የተሰጠኝን ወረቀት አምጪ አለችኝ። ከመሳቢያ አውጥቼ ወሰድኩላት። ሳላነብ የፈረምኩት ክምር መሃል፣ ቫዋ በሚባለው፣ በሴቶች ላይ የሚደርስን ጥቃት በሚመለከተው የአሜሪካ ሕግ ያለኝን መብት የሚዘረዝር ወረቀት ተኝቷል! ያው ወረቀት ከማስወጫው ደብዳቤ ጋርም መያያዝ ነበረበት።

ሕጉ የወጣው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1994 ነው፤ የመንግሥት ድጎማ ያለባቸው ቤቶች በ2005 ተካተቱ፣ በ2013 ሰፋ፣ በ2022 ደግሞ ከቤት ሆኖ ፖሊስ የመጥራት መብት ተጨመረበት። የተመታችን ሴት በመመታቷ ምክንያት ማስወጣት ክልክል ነው። አከራዩ ከፈለገ ሊዙን ለሁለት ለያይቶ መቺውን ብቻ ማስወጣት ይችላል። ማስረጃ በጽሑፍ ከጠየቀ ቢያንስ 14 የሥራ ቀን ይሰጣል፤ እኔ የሞላሁት አንድ ፎርም ብቻ ነው። የመቺውን ስም መጻፍ ለደኅንነት የሚያሰጋ ከሆነ መተው እንደሚቻል ስትነግረኝ ነው ያለቀስኩት። ስሙን ለመጻፍ እጄ እንዴት እንደሚንቀጠቀጥ አውቀውታል ለካ።

ደብዳቤው ተሰረዘ። የእሱ ስም ከሊዙ ወጣ፣ ቁልፉም ተቀየረ። ለልጄ ረብሻው የእሱ እንዳልነበረ ነገርኩት፤ ያመነኝ አይመስለኝም።

ድጎማ የሌለበት የግል ቤት የተከራያችሁ፣ አብዛኛው የቫዋ ጥበቃ እናንተ ጋ አይደርስም። ግን በቤት ኪራይና ሽያጭ ማዳላትን የሚከለክለው የ1968ቱ ፌር ሃውሲንግ አክት አለ። በጾታ ማዳላትን በ1974 ከልክሏል፣ ከሚመቱት ብዙዎቹ ሴቶች ስለሆኑም ጠበቆች በዚያ በኩል ይከራከሩበታል። ለሃድ (ለፌዴራሉ የቤቶች ሚኒስቴር) አቤቱታ ማቅረብ ነፃ ነው፤ ቀነ ገደቡ አንድ ዓመት ነው፤ ስልኩ 1-800-669-9777። አሁን እየተመታችሁ ያላችሁ ግን መጀመሪያ ወደ ቤት ውስጥ ጥቃት የእርዳታ መስመር 1-800-799-7233 ደውሉ። ቀንም ሌሊትም ያነሳሉ፤ «አምሃሪክ» ካላችሁ አስተርጓሚ ያቀርቡላችኋል። ልጃችሁን አታስተርጉሙት።