አዲሱ አለቃ ክሬዎን፦ «አንቲጎኔ»ን ጮክ ብለን ስናነብ ያገኘሁት

ባለፈው ቅዳሜ «አንቲጎኔ»ን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳናቋርጥ አንብበን ጨረስን። ጥቂት ጓደኛሞች ነን፤ ቅዳሜ ማታ አንዳችን ቤት እንሰበሰብና ገጸ ባሕርያቱን ተከፋፍለን የግሪክ ትራጄዲ እናነባለን። ለረጅም ጊዜ እንቢ ብሎኝ የቆየ አንድ ትዕይንት ስለተፈታልኝ ደስታዬን ላካፍላችሁ ብዬ ነው። ሌላም ምክንያት አለኝ። ማንበብ በጀመርንበት ሰሞን በምሠራበት የሕክምና ላቦራቶሪ የክፍል ኃላፊ ሆንኩ። «ሹመት ያዳብር» ብለው የጨበጡኝ ሁሉ ትናንት ከጎኔ ቆመው ናሙና ሲሠሩ የነበሩ ናቸው። ስለዚህ ተውኔቱን ያነበብኩት በአዲስ አለቃ ዓይን ነው። ክሬዎንም አዲስ አለቃ ነው።

ስለ አጀማመራችን ብዙ አልልም። በመጀመሪያ እያንዳንዳችን ቤታችን አንብበን ለውይይት ብቻ እንገናኝ ነበር፤ ስሞቹ እየተምታቱብን የትም አልደረስንም። ቀጥሎ ስለ ትራጄዲ የተጻፉ ረጃጅም መግቢያዎችን ማንበብ ያዝን። ይህን ለጀማሪ ፈጽሞ አልመክርም። አርስቶትል ስለ ጀግናው ስሕተት ያለውን አስቀድሞ የሰማ አንባቢ ሰዎቹን መስማት ትቶ «ስሕተቱ የቱ ጋ ነው?» እያለ ሲያስስ ያመሻል። የሠራልን ነገር አንድ ብቻ ነው፦ ጮክ ብሎ ማንበብ፣ በየሳምንቱም ገጸ ባሕርይ መቀያየር። ባለፈው ሳምንት ንጉሥ የነበረ ዛሬ ዘበኛ ይሆናል። እንግሊዝኛው ሲከብደን ንግግሩን እዚያው በአማርኛ እንለዋለን።

ታሪኩን ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። የቀድሞው ንጉሥ የኤዲፐስ ሁለት ወንዶች ልጆች ለግሪኳ ከተማ ለቴብስ ዙፋን ተዋግተው ተገዳደሉ። አጎታቸው ክሬዎን ነገሠ። ከተማዋን ሲከላከል የወደቀው ኤቴዎክሌስ በክብር እንዲቀበር፣ የውጭ ጦር ይዞ የመጣው ፖሊኒቄስ ግን ሬሳው ለአሞራና ለውሻ እንዲጣል አዘዘ፤ የቀበረው ይሞታል ብሎም አወጀ። እኅታቸው አንቲጎኔ አዋጁን ጥሳ ወንድሟን አፈር አለበሰችው። እድር ያሳደገው አንባቢ የዚህን አዋጅ ክብደት ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም። ከዚያ በኋላ የሚሆነው ሁሉ የሚያልቀው በዚያው በአንድ ቀን ውስጥ ነው። ክሬዎን ጠዋት የመጀመሪያ ንግግሩን ያደርጋል፤ ቀኑ ሳያልቅ ልጁም፣ ሚስቱም፣ የልጁ እጮኛ አንቲጎኔም ሞተዋል።

ጸሐፊው ሶፎክሊስ ሥልጣንን ከሩቅ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ተውኔቱ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ441 ገደማ ታየ ይባላል፤ በዚያው ሰሞን አቴናውያን ከመሪያቸው ከፔሪክሊስ ጋር ከጦር አዛዦቻቸው አንዱ አድርገው መርጠውታል፣ በሳሞስ ደሴት ዘመቻም ተካፍሏል። ከዚያ በፊት የአቴና ኅብረት ገንዘብ ያዥ ከነበሩት አንዱ ነበር። አንድ ጥንታዊ ማስታወሻ እንዲያውም አዛዥ ሆኖ የተመረጠው «አንቲጎኔ» ስለተወደደለት ነው ይላል። ይህን ካወቅኩ ወዲህ ክሬዎንን «ክፉ ንጉሥ» ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። የጻፈው ትእዛዝ መስጠት ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ሰው ነውና።

አንድ ነገር ልናዘዝ፦ የክሬዎንን የመጀመሪያ ንግግር እወደዋለሁ። ጓደኞቼ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ከአንቲጎኔ ጋር ናቸው፤ እኔ ግን ያን ንግግር ባነበብኩት ቁጥር ከእሱ ጋር ነኝ። የሰው ልብና አስተሳሰብ የሚታወቀው ሥልጣን ላይ ወጥቶ ሲፈተን ነው ይላል። ከአገሩ ይልቅ ወዳጁን የሚያስቀድም ከንቱ ነው ይላል። ከሁሉ የከፋው ገዥ ደግሞ የሚበጀውን ምክር ትቶ በፍርሃት አፉን የሚዘጋ ነው ይላል። ሁሉም እውነት ነው። ኔልሰን ማንዴላ በሮበን ደሴት እስር ቤት እስረኞች ይህንን ተውኔት ሲያሳዩ የክሬዎንን ቦታ ይዞ ተጫውቷል፤ በሕይወት ታሪኩ ውስጥም ያንን ስለ ሰውና ሥልጣን የተባለውን ቃል ጠቅሶ፣ ክሬዎን መልካም ጀምሮ በግትርነቱ እንደጠፋ ጽፏል። እስረኛ ሆኖ የአሳሪውን ቃል መናገር ምን ዓይነት ትምህርት እንደሆነ ሳስበው ይገርመኛል። ገጸ ባሕርይ እንቀያየር ብዬ ጓደኞቼን የምጨቀጭቃቸውም ለዚህ ነው።

ግን በዚያ ንግግር ውስጥ ክሬዎን ያላየው ነገር አለ። በፍርሃት ስለሚዘጋ አፍ ሲናገር የሚያስበው ስለ ገዥው አፍ ብቻ ነው። ከበታቹ ስላሉት አፎች አንድም ቃል የለውም። ይህን ያሳየኝ ያ አስቸጋሪ ትዕይንት ነው፣ የዘበኛው ትዕይንት።

ንግግሩ እንዳለቀ ሬሳውን እንዲጠብቁ ከተመደቡት ዘበኞች አንዱ ይመጣል። ገብቶ ወሬውን አይናገርም። ሮጬ ትንፋሼ አጥሮ መጣሁ አልልም ብሎ ይጀምራል፤ መንገድ ላይ ስንት ጊዜ ቆሜ፣ ስንት ጊዜ ልመለስ ብዬ ዞሬያለሁ ይላል። ልቤ «አንተ ሞኝ፣ ቅጣትህን ለመቀበል ትሄዳለህ?» ይለኛል፣ ደግሞ «ከቆምክና ክሬዎን ከሌላ ሰው ከሰማስ?» ይለኛል፤ እንዲህ እያልኩ አጭሩን መንገድ አስረዘምኩት ይላል። ክሬዎን ተናገር ሲለው እንኳ የሚያስቀድመው ስለ ራሱ ነው፦ እኔ አላደረግኩትም፣ ያደረገውንም አላየሁም። ሬሳው ላይ ደረቅ አፈር እንደተነሰነሰ የሚናገረው ከዚያ በኋላ ነው።

ይህ ቦታ አልዋጥልህ ብሎኝ ነበር። በእንዲህ ያለ ከባድ ተውኔት መካከል ይህ ለፍላፊ ምን ይሠራል? መግቢያዎቹ ተመልካቹን ትንሽ ለማሳቅ የገባ ነው ይላሉ። እኛም እንደዚያ እናነበው ነበር፤ ድምፃችንን እያቅጠነጠንን፣ እየተሳሳቅን። ስናነበው ያስቅ ነበር፣ ሲያልቅ ግን ምንም አይቀርም ነበር።

የፈታው ሹፌር ጓደኛችን ነው። ብዙ ዓመት የኃላፊዎችን መኪና ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። ተራው ደርሶ ዘበኛውን ሲያነብ ወንበሩን ገፍቶ ተነሳ፤ እጁን አጣምሮ፣ ዓይኑን ከክሬዎን ፊት ሳይነቅል፣ እያንዳንዱን ዐረፍተ ነገር በአማርኛ፣ ቀስ እያለ፣ የተቆጪውን ፊት እያነበበ ተናገረው። ማንም አልሳቀም። ሲጨርስ «ይህን ሰውዬ አውቀዋለሁ። መኪናው ሲጋጭ እንዲህ ነው የሚወራው» አለን።

ከዚያ ወዲያ ትዕይንቱን መላልሼ አነበብኩት፤ ባነበብኩት ቁጥርም የአለቃ ነገር ሁሉ እዚያ ተጽፎ አገኘሁት። ዘበኛው የያዘው መረጃ እጅግ ጠቃሚ ነው። የዶማም የጋሪም ምልክት የለም፣ አውሬም ውሻም አልነካውም፣ አፈሩ የተነሰነሰው ሬሳ አይቶ ሳያለብስ ማለፍ ኃጢአት እንደሚሆንበት ሰው ሥራ ስስ ሆኖ ነው። ይህ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ያመለክታል፦ ወደ ሃይማኖተኛ፣ ወደ ቤተሰብ። ክሬዎን ግን አንድም ተከታይ ጥያቄ አይጠይቅም። የኮረሱ፣ ማለትም በጋራ የሚናገሩት የቴብስ ሽማግሌዎች፣ አለቃ ምናልባት የአማልክት ሥራ ይሆን ብሎ ቢሞክር ሳልቆጣ ዝም በል ይለዋል። ከዚያ መልሱን ራሱ ይሰጣል፦ ጉቦ ነው። ዘበኞቹ በገንዘብ ተገዝተዋል፤ ያደረገውን ካላመጣችሁ በሕይወት ትሰቀላላችሁ። ዘበኞቹ ግን እኮ እርስ በርስ ተካሰው፣ የጋለ ብረት እንጨብጣለን፣ እሳት እንረግጣለን፣ እንምላለን ብለው፣ መጨረሻ ላይ መነገር አለበት ብለው ዕጣ ጥለው ነው አንዱን የላኩት። እውነቱን ለማምጣት ይህን ሁሉ የደከሙ ሰዎች ያገኙት መልስ ይህ ነው።

ዘበኛው ከዚህ ምን ተማረ? ሁለተኛ ጊዜ ሲመለስ አንቲጎኔን ይዞ፣ እየፈጠነ፣ ደስ እያለው ነው። የምታውቀውን ሰው ወደ መከራ ማምጣት ያሳዝናል፣ ግን ከራሴ ደኅንነት የሚበልጥብኝ የለም ብሎ በግልጽ ይናገራል። ክሬዎን በአንድ ንግግር አንድን ታማኝ ሰው ራሱን ብቻ የሚያድን ሰው አደረገው። በኋላ ልጁ ሄሞን መጥቶ ፊትህ ተራውን ሰው ያስፈራዋል፣ አንተ መስማት የማትወደውን እኔ በጨለማ እሰማለሁ፣ ከተማው ለልጅቱ ያለቅሳል ሲለው የሚያወራው ስለዚሁ ነገር ነው። ሰዎች ከሄሞን ንግግር የሚያስታውሱት የጎርፍ ዳር ዛፎችን ነው፤ የሚጎነበሱት ይተርፋሉ፣ የሚገተሩት ከነሥራቸው ይነቀላሉ የሚለውን። ለእኔ ግን ዋናው ያ የፊት ነገር ነው።

ወደ ሥራዬ ላምጣው። እኛ ዘንድ በየጠዋቱ የታካሚ ናሙና ከመሠራቱ በፊት ውጤቱ አስቀድሞ የሚታወቅ ኮንትሮል በማሽኑ ይሠራል። ከተፈቀደው ክልል ከወጣ ማሽኑ ወይም ሪኤጀንቱ (ምርመራው የሚሠራበት ኬሚካል) ችግር አለበት፤ ምክንያቱ ሳይታወቅ የታካሚ ውጤት አይወጣም። ሥራ ይቆማል፣ ወረፋው ይረዝማል፣ ሐኪሞች ስልክ ይደውላሉ። ስለዚህ «ኮንትሮሉ ወጥቷል» ማለት ለአለቃ መጥፎ ወሬ ነው። አለቃው የሚያስፈራ ከሆነ የሚደረገው በሙያው የታወቀ ነው፦ እስኪገባ ድረስ ደጋግሞ ማሠራት፣ የገባውን ብቻ መመዝገብ። መዝገቡ ያምራል፤ የአንድ ሰው የፖታሲየም ውጤት ግን ስሕተት ይዞ ወደ ሐኪሙ ሊሄድ ይችላል።

በተሾምኩ ሰሞን የሌሊት ፈረቃ ያደረች ወጣት ባለሙያ በሬ ላይ ቆማ «ጋሼ፣ እኔ ስረከብም እንዲሁ ነበር፤ እኔ የነካሁት ነገር የለም» አለችኝ። ነገሩ ምን እንደሆነ ገና አልነገረችኝም። ዘበኛውን አወቅኩት። ተቀመጪ አልኳት፤ ምን እንዳየች፣ ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንደሆነ፣ የወጣ ውጤት ካለ ጠየቅኳት። ማን እንዳደረገው አልጠየቅኩም። ችግሩ አዲስ ከተከፈተው ሪኤጀንት ነበር፤ አስቁመን የሌሊቱን ናሙናዎች ደግመን ሠራን። በዚያው ሳምንት የችግር መመዝገቢያችን ላይ የነበረውን «ኃላፊነቱ የማን ነው» የሚል ዓምድ አስወጣሁና በምትኩ «መጀመሪያ የታየው መቼ ነው» የሚል አስገባሁ። አሁንም መጥፎ ወሬ ስሰማ ደሜ ይፈላል፤ ይህ አልጠፋልኝም። ለፊቴ ግን እጠነቀቃለሁ።

ጠንከር ያለ አስተያየት ይኑረኝ። እኛ ዘንድ ጥሩ አለቃ ማን ነው ሲባል መልሱ ብዙ ጊዜ «የማይበላ» ነው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» በሚባልበት አገር ይህ መለኪያ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ግን አይበቃም። ክሬዎን አይበላም። ዘመድም አያዳላም፣ የእኅቱን ልጅ ነው የቀጣው። እጁ ንጹሕ ስለሆነ ግን የተቃወመውን ሁሉ የተገዛ ይመስለዋል፦ ዘበኛው ጉቦ በልቷል፣ ነቢዩ ጢሬስያስ ጉቦ በልቷል። ንጽሕናውን ላለመስማት ምክንያት አደረገው። እንዲህ ያሉ ንጹሐን አለቆች አይቻለሁ፤ ስማቸውን አላነሳም፣ በሥራቸው ያሉ ሰዎች ግን ለዓመታት ሲያፍኑ የኖሩትን ችግር አውቃለሁ።

ከአለቃ በታች ላላችሁም አንድ ያገኘሁት ነገር አለ፤ ብዙዎች ያልፉታል። ክሬዎን በንዴት ሁለቱንም እኅትማማቾች ሊገድል ሲል የሽማግሌዎቹ አለቃ ሁለቱንም ነው? ብሎ ይጠይቀዋል። ክሬዎን ወዲያው ይመለሳል፤ ያልነካችውን አይደለም፣ መልካም ብለሃል ይላል። የአንቲጎኔ እኅት ኢስሜኔ ዳነች። የሄሞን ረጅምና ያማረ ንግግር ያላደረገውን አንድ አጭር ጥያቄ አደረገው። በሰው ፊት ክርክር ለሚጠላ አለቃ እኔ አሁን ጥያቄ ነው የምወስደው።

ያልተፈታልንም አለ። መጨረሻ ላይ ክሬዎን ይሰበርና ምን ላድርግ፣ ንገሩኝ፣ እታዘዛለሁ ይላል። ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ ልጅቱን ፍታ፣ ከዚያ ሬሳውን ቅበር ይሉታል። እሱ መጀመሪያ ሬሳውን ይቀብራል፤ አጥቦ፣ አቃጥሎ፣ ጉብታ አቁሞ፤ በሕይወቷ ወዳዘጋባት ዋሻ ሲደርስ አንቲጎኔ ራሷን ሰቅላለች። ሹፌሩ ጓደኛችን ከአማልክት ቁጣ ፈርቶ ነው ይላል። እኔ ደግሞ ይቅርታ ሊጠይቀው ከሚገባ ሕያው ሰው ፊት መቆም ከብዶት፣ ቀላሉን ሥራ አስቀደመ ባይ ነኝ። እስከ እኩለ ሌሊት ተከራክረን አልተስማማንም።

ቀጥለን የዚያኑ ጸሐፊ «ፊሎክቴቴስ» እንይዛለን፤ አለቃው ኦዲሴዎስ ወጣቱን ኔዎፕቶሌሞስን በሽተኛ ሰው እንዲያታልል የሚያዝበት ነው። የሚያስቸግረን አሁንም የኮረሱ ንባብ ነው። አንድ ሰው ብቻ ሲያነበው ይደርቃል፣ ሁላችን አንድ ላይ ስናነበው ቃሉ አይሰማም። በቡድን የምታነቡ ካላችሁ እንዴት እንደምታደርጉት ጻፉልኝ።