«ሪትም የላትም» የተባለችው ድምፃዊት

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ውስጥ በራሱ ቤት ስቱዲዮ የከፈተ አንድ ወጣት አቀናባሪ ደወለልኝ። «ጋሼ፣ ድምፅ ቀርጸን ጨርሰናል፤ ግን ድምፃዊቷ ሪትም የላትም። ወይ እያንዳንዷን ስንኝ እየቆረጥክ ታስተካክልልኛለህ፣ ወይ ሌላ ሰው ላምጣ» አለኝ። የኔ ሥራ ሚክሲንግ ነው፤ የተቀረጹትን ድምፆች አመጣጥኖ ማዋሃድ ማለት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ፋይሉ በፍላሽ ወይም በቴሌግራም ይደርሰኛል፤ እንዲህ ዓይነት ነገር ስሰማ ግን ቀረጻው የተሠራበትን ቦታ ሄጄ ማየት እመርጣለሁ።

ልጁ ሰነፍ አይደለም። ቤቱ ገና ዕቃ ያልገባበት፣ ወለሉ ሴራሚክ፣ ግድግዳው ባዶ ስለሆነ ድምፅ ያስተጋባል። እሱ ግን ወፍራም ፍራሽ በግድግዳው ላይ አቁሞ፣ መስኮቱን በብርድ ልብስ ሸፍኖ፣ ማይኩን ከጥግ አርቆ ተክሏል። የእንቁላል ካርቶን ለጥፈው ድምፅ ያገዱ የሚመስላቸው ስንት ጀማሪዎች አሉ! ካርቶን የውጭውን ድምፅ አያስቀርም፤ የቤቱን ማስተጋባትም ብዙ አይቀንስም። አካባቢው ላይ ግንባታ ስላለ የሚቀርጸው ማታ ማታ ነው። ይህንንም ማንም ሳይነግረው በራሱ ነው የደረሰበት።

ድምፃዊቷም እዚያው ጠበቀችኝ። በዕድሜ ከልጁ ትበልጣለች፤ ለዓመታት በየሠርጉ ከባንድ ጋር ስትዘፍን የኖረች ሴት ናት። ሰላምታችንን እንኳ ሳንጨርስ «ወንድሜ፣ እኔ ከከበሮ ወጥቼ አላውቅም፤ አንተው ስማውና ፍረድ» አለችኝ። ደህና ስትሆን የምትስቅ ሰው መሆኗ ከፊቷ ያስታውቃል፤ ያን ዕለት ግን አንዴም አልሳቀችም።

ፕሮጀክቱ ኤፍ ኤል ስቱዲዮ በሚባለው የሙዚቃ ማቀናበሪያ ሶፍትዌር የተሠራ ነው፤ ብዙዎቻችን እስከ ዛሬ «ፍሩቲ» የምንለው ማለት ነው። ምቱ ችክችካ፣ ፍጥነቱ በደቂቃ 100 ምት። ልጁ ከፈተልኝና ሰማሁት። እውነትም ድምፁ ከከበሮው ጋር አይገናኝም፤ የሚያርፈው ሁልጊዜ ከምቱ በኋላ ነው። ላፕቶፑ ላይ ምስሉን አጉልቼ የድምፁን ሞገድ ከከበሮው ሞገድ ጋር አስተያየሁት። የመጀመሪያው ስንኝ ወደ 200 ሚሊ ሰከንድ (የሰከንድ አንድ አምስተኛ) ዘግይቷል። ሁለተኛውም እንደዚያው። አዝማቹም፣ መጨረሻ ላይ ያለው «እህ» የሚለው እንኳ፣ በዚያው ልክ ዘግይቷል።

ይህን ሳይ ነው ነገሩ የገባኝ። ሪትም የሌለው ሰው አንዴ ይቀድማል፣ አንዴ ይዘገያል፤ በአንድ ቦታ ሲሳካለት በሌላው ይስታል። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በእኩል መጠን የሚዘገይ ሰው ግን አላውቅም። እንዲህ የሚያደርገው መሣሪያ ነው። ድምፁን እንዳለ፣ አንዲት ቦታ ሳልቆርጥ፣ በዚያው ልክ ወደ ግራ፣ ማለትም ቀደም ወዳለው ጊዜ፣ ሳብኩትና አጫወትኩት። ከከበሮው ጋር ገጥሞ ቁጭ አለ። ልጁ ዝም አለ። እሷ ከወንበሯ ተነስታ ወደ ስክሪኑ መጣችና «እስቲ ድገመው» አለችኝ።

በምን እንዳዳመጠች ጠየቅኋት። ባለገመዱ ሄድፎን አንድ ጆሮው ስለሞተ ልጁ ብሉቱዝ ሰጥቷት ነበር። ብሉቱዝ ድምፁን ጨምቆ፣ በአየር ልኮ፣ እዚያ ደግሞ ፈትቶ ስለሚያሰማ በመሃሉ ከ100 እስከ 300 ሚሊ ሰከንድ ይጠፋል። ሙዚቃ ለሚያዳምጥ ሰው ምንም አይደለም። ለምትዘፍን ሰው ግን ከበሮው ጆሮዋ የሚደርሰው ኮምፒውተሩ ካጫወተው በኋላ ነው፤ እሷ በሰማችው ምት ላይ በትክክል ስትገባ ማሽኑ ዘግይታ እንደገባች አድርጎ ይመዘግባል። በ100 ፍጥነት አንድ ምት 600 ሚሊ ሰከንድ ይወስዳል፤ ችክችካ ያንን ለሦስት ስለሚከፍለው የእያንዳንዱ ድርሻ 200 ነው። ስለዚህ ድምፁ በትክክል አንድ ድርሻ እየዘለለ የተሳሳተው ምት ላይ ይወድቅ ነበር። እንደዚያ ጎልቶ የተሰማውም ለዚህ ነው።

ያናደደኝ ሌላ ነው። ድምፃዊቷ ችግሩን ገና ሲጀምሩ ተናግራ ነበር። «ድምፄ ከኋላዬ እየመጣ ያደናቅፈኛል» ብላዋለች። አብዛኛው ሰው የራሱን ንግግር ዘግይቶ ቢሰማ ይንተባተባል፤ ይህ የታወቀ ነገር ነው። ልጁ ድምፅዋን ከሄድፎኑ አጥፍቶ ሙዚቃውን ብቻ ተወላት። መደናቀፉ ቀረ፤ መዘግየቱ ግን እንዳለ ቀጠለ፤ ጥፋቱም እሷ ላይ ተደመደመ። ማይክ ፊት የቆመ ሰው «አንድ ነገር ልክ አይደለም» ሲል የቴክኒክ ቃል አይኖረው ይሆናል፤ የሚሰማውን ግን ከማንም በላይ ያውቃል። በዚህ ሥራ ላይ የገባ ልጅ ሶፍትዌሩን ከማወቁ በፊት ይህን እንዲያውቅ አጥብቄ እፈልጋለሁ።

እዚያው አንድ ሙከራ አሳየሁት። ሄድፎኑን ማይኩ ላይ አስጠግቶ ክሊኩን (የምት መቁጠሪያውን ድምፅ) መቅረጽ፣ ከዚያ የተቀረጸው ክሊክ ከዋናው ምን ያህል እንደራቀ ማየት። ደቂቃ አይፈጅም። በብሉቱዝ ሠራነው፤ ያው 200 አካባቢ ወጣ። እኔ ይዤው በሄድኩት ባለገመድ ስንደግመው ልዩነቱ በዓይን የማይታይ ሆነ። በፈሩንም፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ድምፁን በአንዴ አጠራቅሞ የሚያስተናግድበትን መጠን፣ አስተካከልን፤ ልጁ 1024 ሳምፕል (የድምፅ ናሙና) ላይ ነበር የተወው፤ በሰከንድ 44,100 ሳምፕል ሲቀረጽ ይህ ብቻውን 23 ሚሊ ሰከንድ ያህል ነው። ሲቀረጽ ወደ 128 ዝቅ ሲል ወደ 3 ይወርዳል፤ ሚክስ ሲደረግ ደግሞ ፕሮሰሰሩ እንዳይጨናነቅ ወደ ላይ ይመለሳል።

አንድ ነገር ደግሞ ነበር። ዜማው ከሲ የሚነሳ ትዝታ ማይነር ነው፦ ሲ፣ ዲ፣ ኢ ፍላት፣ ጂ፣ ኤ ፍላት። የተዛነፈ ኖታ የሚያቃናው ድምፅ ማስተካከያ ፕሮግራም ግን እነዚህ ፍላቶች በሌሉበት ሲ ሜጀር ላይ ስለተቀመጠ ሁለቱን ፍላቶች ወደ ጎረቤት ኖታ እየገፋ ቅኝቱን አፍርሶባታል። «ይሄ የኔ ድምፅ አይደለም» ያለችውም እውነቷን ነው። ፕሮግራሙ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ የሚል ምርጫ የለውም፤ አምስቱን ኖታ በእጅ መርጦ ሌላውን ማጥፋት፣ ኖታውን የሚያቃናበትንም ፍጥነት ቀንሶ ለእንጉርጉሮው ቦታ መተው ያስፈልጋል።

ልጁ ይቅርታ ጠየቃት፤ ከልቡ ነበር። እሷ ግን «ይቅርታህን ተቀብያለሁ፤ ለኪቦርዲስቱ ግን ምን ብለኸዋል?» አለችው። ወደዚህ የላካት ኪቦርዲስት ነው፤ ልጁ ለሱም «ሪትም የላትም» ብሎት ኖሯል። በሠርግ ሥራ እንጀራ የሚገኘው በሰው አፍ ነው፤ እንዲህ ያለ ወሬ አንዴ ከወጣ የሚደውልላት አይኖርም። ልጁ ስልኩን አውጥቶ እኛው ፊት ደወለ፤ ስህተቱ የሄድፎኑና የራሱ መሆኑን አንድ በአንድ ነገረው። ግማሹን ይዞት የነበረውን ክፍያም ሰጣት።

የመጀመሪያውን ክፍልና አዝማቹን በሳብነው ቦታ ተውነው፤ መልሶ መቅረጽ አላስፈለገም። ሁለተኛውን ክፍል ግን እሷው ራሷ «እንደገና ልበለው፤ እዚህ ጋ ተሸማቅቄ ነው የዘፈንኩት» አለችና በባለገመዱ ሄድፎን፣ ድምፅዋንም እየሰማች ቀረጸችው። ለሚክስ የወሰድኩት ይህንን አዲሱን ነው።