ሞን ቫንቱ የሚከብደው ጫካው ውስጥ ነው

በደቡብ ፈረንሳይ፣ በፕሮቫንስ ምድር፣ ሞን ቫንቱ የሚባለው ተራራ ከሌሎች ተራሮች ተነጥሎ ብቻውን ስለቆመ ሰማዩ በጠራ ቀን ከሩቅ ሜዳ ሁሉ ይታያል። ጫፉ ከባሕር ጠለል በላይ 1,910 ሜትር ግድም ነው። አዲስ አበባ ላደገ ሰው ይህ ቁጥር ብዙም አያስደነግጥም፤ ልጅነቴን ያሳለፍሁበት አራት ኪሎ ራሱ ከዚህ ተራራ ጫፍ በ400 ሜትርና ከዚያም በላይ ከፍ ይላል። ብስክሌተኛን የሚፈትነው ግን የጫፉ ከፍታ ሳይሆን መንገዱ ከሚጀምርበት እስከሚያልቅበት ያለው ልዩነት ነው። ቤድዋን ከምትባለው ትንሽ ከተማ የሚነሳው መንገድ ከ300 ሜትር ግድም ተነስቶ በ21 ኪሎ ሜትር ውስጥ 1,600 ሜትር ያህል ይወጣል፤ አማካይ አቀበቱም 7.5 በመቶ ገደማ ነው። ባለፈው በጋ በዚህ መንገድ ወጥቼ ጫፉ ላይ ደርሻለሁና ያየሁትንና የተረዳሁትን፣ በተለይም እንደ እኔ ለፍቅሩ ብለው ብስክሌት ለሚነዱ ወገኖቼ ይጠቅማል ያልሁትን፣ እጽፋለሁ።

አብዛኞቻችን ይህን ተራራ የምናውቀው በቱር ደ ፍራንስ፣ በታላቁ የፈረንሳይ የብስክሌት ውድድር፣ ነው። ውድድሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለፈበት እ.ኤ.አ. በ1951 ሲሆን፣ በ1958 ደግሞ የአንድ ቀን ፍጻሜው ጫፉ ላይ እንዲሆን ተደርጎ ሻርሊ ጎል አሸንፎበታል። በ1970 ኤዲ ሜርክስ አንደኛ ሆኖ ከገባ በኋላ ኦክስጅን እስኪሰጠው ድረስ ተዳክሞ ነበር። እነዚህን ታሪኮች ማንበብ ልብን ያነሳሳል፤ ነገር ግን አማተር ብስክሌተኛ ከእነርሱ ምክር ለመውሰድ ሲፈልግ አንድ ነገር ልብ ሊል ይገባዋል። ታላላቆቹ ይህን መንገድ በአንድ ሰዓት አካባቢ ይጨርሱታል፤ እኛ ሁለት ሰዓትና ከዚያም በላይ እንቆይበታለን። ስለዚህ ተራራው ለእኛ የሚረዝመው በኪሎ ሜትር ሳይሆን በሰዓት ነው፤ ሙቀቱንም፣ ረሃቡንም፣ የወገብ ሕመሙንም ከእነርሱ እጥፍ ለሚሆን ጊዜ እንሸከመዋለን።

ሒሳቡን አስቀድሜ ሠርቼው ነበር። እኔና ብስክሌቴ ተደምረን 85 ኪሎ ግራም ያህል እንመዝናለን። ይህን ክብደት 1,600 ሜትር ወደ ላይ በሁለት ሰዓት ለማድረስ ስበትን ለማሸነፍ ብቻ 185 ዋት ያለማቋረጥ ማውጣት ያስፈልጋል፤ የጎማውና የአየሩ ተቃውሞ ከዚያ በላይ ይታሰባል። የሰው አካል ከሚያቃጥለው ጉልበት ወደ ፔዳሉ የሚደርሰው ሩብ ያህሉ ብቻ ስለሆነ፣ ጠቅላላ ወጪው ከ1,300 ኪሎ ካሎሪ ያልፋል። ይህን ያህል ወጪ በቁርስ ብቻ የሚሸፈን አይደለምና እየወጡ መብላት ግድ ነው። እኔ የያዝሁት በሶ ነበር፤ በማርና በጥቂት ጨው ለውሼ፣ በትናንሹ ጭብጦ አድርጌ፣ በጀርባዬ ኪስ አስቀመጥሁት። አባቶቻችን ለረጅም መንገድ የያዙት ስንቅ፣ በፋብሪካ ከተሠራው ጣፋጭ ሁሉ ይልቅ ለሆዴ ተስማምቶኛል።

ሌላው ጉዳይ ማርሽ ነው። ከፊት 34 ጥርስ፣ ከኋላም 34 ጥርስ ያለው ማርሽ ሲገጠም፣ ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር ጎማውም አንድ ጊዜ ይዞራል፤ በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር እየወጡ እግር በደቂቃ 63 ጊዜ ያህል ይዞራል ማለት ነው። ቀድሞ እሽቅድድም ላይ የተለመደው 39 በ25 ቢሆን ኖሮ፣ በዚያው ፍጥነት በደቂቃ 41 ጊዜ ብቻ መዞር ስለሚሆን ጉልበትና ጡንቻን ይጨርሳል። ቀላል ማርሽ መግጠም ያሳፍራል የሚሉ ሰዎች አጋጥመውኛል፤ እኔ ግን ለዚህ ተራራ ከማንኛውም ውድ ዕቃ በፊት ሊገዛ የሚገባው እርሱ ነው ብዬ አምናለሁ።

ከቤድዋን እንደተነሱ ያሉት የመጀመሪያዎቹ አምስት ኪሎ ሜትር ተኩል ገራገር ናቸው። በወይን ማሳና በአትክልት ቦታዎች መካከል መንገዱ ቀስ እያለ ይነሳል፣ ነፋሱ ደስ ይላል፣ እግርም ትኩስ ነው። በዚህ ክፍል ብዙ ሰው እየበረረ አለፈኝ። እኔ ትንፋሼን ጠብቄ፣ ከጎኔ ካለ ሰው ጋር ያለ ችግር ማውራት እስከምችልበት ድረስ ብቻ ገፋሁ። ከዚያ ሳንት ኤስቴቭ ላይ መንገዱ ወደ ግራ ይታጠፍና በአንድ ጊዜ ይቀየራል።

ከዚያ መታጠፊያ ጀምሮ ሻሌ ሬናር እስከሚባለው ቦታ ድረስ ለዘጠኝ ኪሎ ሜትር ያህል አቀበቱ ከ9 በመቶ አይወርድም ማለት ይቻላል፤ 10ን የሚያልፍበትም ቦታ አለ። ይህ ሁሉ በጫካ ውስጥ ነው። ጫፉ አይታይም፣ ሜዳውም አይታይም፣ ሰፋ ብሎ እረፍት የሚሰጥ ጠመዝማዛም የለም፤ መንገዱ ዛፎቹን ሰንጥቆ ወደ ላይ ብቻ ይሄዳል። በየኪሎ ሜትሩ በመንገዱ ዳር የተተከለው ምልክት ስንት እንደቀረና የሚቀጥለው ኪሎ ሜትር አቀበት ስንት በመቶ እንደሆነ ይናገራል። ሙቀቱ የከፋውም እዚህ ነበር። በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ሰው በራሱ ፍጥነት የሚፈጥረው ነፋስ ላቡን ለማድረቅ አይበቃም፤ ዛፎቹ ደግሞ ከውጭ የሚመጣውን ነፋስ ይከለክላሉ። ታላላቆቹ በእጥፍ ፍጥነት ስለሚያልፉ ይህ ሙቀት በእኛ ላይ የሚሠራውን ያህል አይሠራባቸውም። ውኃ መጠጣት ብቻውን አልበቃኝም፤ በአንገቴና በራሴ ላይ እያፈሰስሁ ነበር የወጣሁት።

ስለዚህ ጫካ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ይህ ተራራ ለብዙ ዘመን የተራቆተ ነበር፤ ከ12ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ዛፉ ለቱሎን የመርከብ መሥሪያዎች እየተቆረጠ ተወስዶ፣ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በኋላ ነው እንደገና የተተከለው። ዛሬ ብስክሌተኛው የሚያማርርበት ጥላ የሰው እጅ መልሶ ያመጣው ነው። የተራቆተ ተራራ ባለበት አገር ያደገ ሰው ይህን ሲያውቅ፣ ላቡ ዓይኑን እያቃጠለውም ቢሆን ለዛፎቹ አክብሮት ይሰማዋል። በ1990 ዩኔስኮ አካባቢውን የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ አድርጎ መዝግቦታል።

በጫካው ውስጥ የረዳኝ ስለ ጫፉ አለማሰቤ ነው። ብስክሌት መንዳትን ያለማመዱኝ፣ ማርሴይ ከተማ የሚኖሩ አንድ ታላቅ ወንድም የምላቸው ሰው፣ በመኪና ቀድመውኝ ሻሌ ሬናር ላይ ይጠብቁኝ ነበር። ጠዋት ስንለያይ፣ «ልጄ፣ ዳገቱን አትጣላው፤ የሚቀጥለውን ምልክት ብቻ ፈልግ። እኔ ጋ ከደረስህ ሌላው ይደርሳል» ብለውኝ ነበር። እንዳሉት አደረግሁ። በየሃያ ደቂቃው አንድ ጭብጦ እየበላሁ፣ በየምልክቱ ጥቂት እየጠጣሁ፣ ከፊቴ ያለውን አስፋልት እያየሁ ወጣሁ። ቀደም ሲል ሜዳው ላይ ጥለውኝ ከሄዱት መካከል አንዳንዶቹ ብስክሌታቸውን ዛፍ ላይ አስደግፈው ሲያርፉ አየኋቸው። እኔ ከእነርሱ ስለበረታሁ አይደለም፤ ጉልበቱ የሚፈለገው የት እንደሆነ ቀደም ብዬ ስለተነገረኝ ነው። ጋሼ ጋ ስደርስ፣ «ጎበዝ! አሁን የቀረው የሚታይ ነው» አሉኝና ውኃዬን ሞሉልኝ።

የቀረው ስድስት ኪሎ ሜትር በእውነት የሚታይ ነው። ዛፉ ያልቅና ነጭ የኖራ ድንጋይ ብቻ ይሆናል፤ በጫፉ ላይ ያለው የማሰራጫ ማማም ከሩቅ ፊት ለፊት ይቆማል። ፎቶግራፍ ሁሉ የሚነሳው ይህ ክፍል ስለሆነ ሰው የሚፈራው እርሱን ነው። ነገር ግን አቀበቱ ከጫካው ይልቅ ለስለስ ያለ ነው፤ የሚያከብደው ነፋሱ ነው። ሚስትራል የሚባለው የሰሜን ነፋስ በሚነሳበት ቀን ሰው ብስክሌቱን ይዞ መቆም እስኪያቅተው ድረስ ይበረታል። በጁላይ 14 ቀን 2016 የቱር ደ ፍራንስ አዘጋጆች በነፋሱ ምክንያት ፍጻሜውን ከጫፉ ወደ ሻሌ ሬናር አውርደውት፣ ሕዝቡ በጠባቡ መንገድ ላይ ተጨናንቆ፣ ክሪስ ፍሩም ከሞተር ብስክሌት ጋር በተያያዘ ግጭት ብስክሌቱ ተሰብሮበት በእግሩ እስከ መሮጥ ደርሷል። ዓለም ያን ቀን የሚያስታውሰው በዚያ ሩጫ ነው። እኔ ግን የማስታውሰው በሌላ ነው፤ በዚያ ዓመት ቱር ደ ፍራንስን የተወዳደረው የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ጽጋቡ ግርማይ በዚያው ጫካ በኩል መውጣቱን። እኔ በምተነፍስበት መንገድ ላይ እርሱ መተንፈሱን ማሰብ ኃይል ሰጥቶኛል።

ጫፉ ሊደርስ ሲል በቀኝ በኩል የቶም ሲምፕሰን መታሰቢያ አለ። የ1965 የዓለም ሻምፒዮና አሸናፊ የነበረው ይህ እንግሊዛዊ በጁላይ 13 ቀን 1967 በከባድ ሙቀት ሲወጣ ወድቆ፣ እንደገና ተደግፎ ተነስቶ፣ ዳግመኛ ወድቆ በ29 ዓመቱ ሞተ። በሰውነቱ ውስጥ አበረታች መድኃኒትና አልኮል ተገኝቷል። ብስክሌተኞች የውኃ ጠርሙስና ኮፍያ በድንጋዩ ሥር ያስቀምጣሉ። እኔም ወርጄ ጥቂት ቆምሁ። ሰውነቱ «በቃኝ» ሲለው ያልሰማን ሰው ማክበር እችላለሁ፤ ለራሴና ለጓደኞቼ ግን እርሱ ያደረገውን አልመኝም። ጭንቅላቱ የዞረበት፣ ላቡ የቆመበት፣ ብርድ ብርድ ያለው ሰው በዚህ ተራራ ላይ ወርዶ ጥላ መፈለግ አለበት፤ ቢቸግር ሰው መጥራት አለበት።

የመጨረሻው መታጠፊያ ሹል ነው፤ ከዚያ በኋላ ቦታው ወዲያው ያልቃል። ከታች ካለው ሙቀት ጋር ሲነጻጸር ጫፉ አሥር ዲግሪና ከዚያ በላይ ይቀዘቅዛል፤ ላብ የጠጣ ልብስ በነፋስ ውስጥ ቶሎ ያንቀጠቅጣል። ስለዚህ ከመውጣቴ በፊት በጀርባ ኪሴ ያኖርሁትን ስስ ጃኬት ፎቶግራፍ ከማንሳቴ በፊት ለበስሁ። ቁልቁለቱን በማሎሴን በኩል ወረድሁ፤ ፍሬኑን ይዞ ከመቆየት ይልቅ ከመታጠፊያው በፊት አጥብቆ መያዝና ከዚያ መልቀቅ ጎማውን ከመጋል ያድነዋል።

ወደ ጫፉ ሦስት የአስፋልት መንገዶች ይወጣሉ፤ ከቤድዋን፣ ከማሎሴንና ሶ ከምትባለው ከተማ። ሦስቱንም በአንድ ቀን የሚወጡ ሰዎች የራሳቸው ክለብ አላቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚመጣ ወገኔ ግን የምመክረው የሶን መንገድ ነው፤ 26 ኪሎ ሜትር ቢረዝምም አብዛኛው ገር ነው፤ ከቤድዋን ከሚመጣው መንገድ ጋር የሚገናኘውም ሻሌ ሬናር ላይ ስለሆነ ነጩን ድንጋይ ጫካው ሳያደክመው ያየዋል። ጋሼም በሚቀጥለው ጊዜ መኪናቸውን ትተው በዚያ በኩል ከእኔ ጋር ሊወጡ ቃል ገብተዋል፤ እኔም የኋላውን ማርሻቸውን ከአሁኑ ወደ 34 ጥርስ እየቀየርሁላቸው ነው።