አባይ በረሃ የሚወርድ ፍሬን

የምሠራው ገላን አካባቢ ባለ አንድ የትራንስፖርት ድርጅት ጋራዥ ውስጥ ነው። አርባ ገደማ ከባድ መኪኖች አሉን። አብዛኞቹ ሲኖትራክ ናቸው፤ ጥቂት ዕድሜ የጠገቡ ኢቬኮዎችም አሉ። የተሳቢዎቹን ነገር በኋላ እመጣበታለሁ። መኪኖቹ ከጅቡቲ ጭነው በጋላፊ ይገባሉ። የማዳበሪያ ሰሞን ደግሞ ጎጃም ድረስ ይዘልቃሉ። ሰው መካኒክ ሲባል ዘይት የጠጣ ቱታና የተፈታ ሞተር ነው የሚታየው። የእኔ ቀን ግን ብዙውን ጊዜ የሚያልቀው ከስምሪት ክፍል ጋር በመጨቃጨቅ ነው። እነሱ "ይውጣ" ይላሉ፤ እኔ "አይወጣም" እላለሁ።

ከምንጨቃጨቅበት ነገር ሁሉ የማልለቀው ፍሬንን ነው። በተለይ አባይ በረሃ የሚወርድ መኪና ፍሬን።

ከጎሃ ጽዮን ተነስቶ ድልድዩ ጋ እስኪደርስ መኪናው 1,400 ሜትር ገደማ ቁልቁል ይወርዳል። አንድ ማታ ወረቀት ይዤ አሰላሁት። ከነጭነቱ 40 ቶን የሚመዝን መኪና ያን ያህል ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት፣ 15 ሊትር ያህል ናፍጣ ቢቃጠል ከሚወጣው ሙቀት ጋር እኩል ነው። ከዚያ ላይ የተወሰነውን ንፋሱና የጎማው ሰበቃ ይወስዱታል። የቀረውን ወይ ሞተሩ ይዞ ያስቀረዋል፣ ወይ ታምቡሩና የፍሬን ሸራው ይጨርሱታል። ታምቡር ከጎማው ጋር አብሮ የሚዞር የብረት ከበሮ ነው፤ ሸራው ከውስጥ እየተጫነ ይይዘዋል። ሹፌሩ ማርሹን ዜሮ ካደረገው ሞተሩ እጁን አወጣ ማለት ነው። ሁሉም ፍሬኑ ላይ ይወድቃል።

ዜሮ የሚያደርጉት ለምን እንደሆነ አውቃለሁ። ናፍጣ የሚሰጣቸው በኪሎ ሜትር ተሰልቶ ነው። ከተረፈ የእነሱ ነው። አበሉም ይህን ያህል የሚያወላዳ ስላልሆነ አልፈርድባቸውም። የሚያናድደኝ ሌላ ነው፤ ዜሮ አድርጎ መውረድ ናፍጣ አይቆጥብም! ማርሽ ገብቶ፣ እግር ከነዳጅ መስጫው ተነስቶ መኪናው ቁልቁል ሲወርድ ሞተሩን የሚያዞረው ጎማው ነው። ያኔ ፖምፓው ናፍጣውን ይዘጋዋል። ዜሮ ላይ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ሲል መጠጣቱን ይቀጥላል። ዜሮ አድርጎ የሚወርድ ሹፌር ናፍጣውንም ፍሬኑንም እየከሰረ ነው።

ይህን ለአንድ አንጋፋ ሹፌራችን ብነግራቸው "አንተ ልጅ፣ እኔ ይህን መንገድ ስነዳ አንተ መቼ ተወለድክ?" አሉኝ። "እሱስ ልክ ነው ጋሼ፣ ፖምፓው ግን ዕድሜ አያውቅም" አልኳቸው። ሳቁብኝ። ይተዉት አይተዉት አላውቅም። የመኪናቸው ታምቡር ግን ከዚያ ወዲህ ደህና ቀለም አለው።

የንፋስ ፍሬን ክፋቱ ሲደክም አለመናገሩ ነው። የትንሽ መኪና ፍሬን ችግር ሲኖረው ፔዳሉ ይላላል፤ እግርህ ይነግርሃል። ከባድ መኪና ላይ ፔዳሉ ያው ፔዳል ነው። ጌጁ 8 ባር ያሳያል። ሹፌሩም "ንፋስ ሙሉ ነው" ብሎ ይተማመናል። ታምቡሩ ሲግል ግን ብረት ስለሆነ ይሰፋል። ሲሰፋ ሸራው እሱን ለማግኘት ብዙ መሄድ አለበት። ሸራውን የሚገፋው ዘንግ ደግሞ መሄድ የሚችለው ልክ አለው። ቀድሞውኑ በደንብ ያልተስተካከለ ፍሬን ከሆነ፣ ዘንጉ ጫፍ ደርሶ ይቆማል። ንፋስ አለ፣ ፔዳሉ ተረግጧል፣ ሸራው ግን ታምቡሩን በወጉ አይነካውም። ጠዋት ጋራዥ ግቢ ውስጥ ቀጥ አድርጎ የያዘ ፍሬን በረሃው መሃል የሚጠፋው እንዲህ ነው። አደጋው ከደረሰ በኋላ "ፍሬን በጠሰ" ይባላል። ብዙ ጊዜ የተበጠሰ ነገር የለም።

ስለዚህ ከሩቅ የተመለሰ መኪና በር ላይ ሲደርስ የሙቀት መለኪያዬን ይዤ እወጣለሁ። በኮቪድ ጊዜ ግንባራችን ላይ ይደገን የነበረው ዓይነት ነው፤ የእኔው ግን ለብረት የተሠራ ነው። እያንዳንዱ ጎማ ጋ እየሄድኩ ታምቡሩን እለካለሁ። አዲስ የገቡ ልጆች የጋለውን ፈልገው ያንን ይፈታሉ። እኔ መጀመሪያ የማየው ቀዝቃዛውን ነው። ቀዝቃዛ ታምቡር ሥራውን ያልሠራ ታምቡር ነው። ሌሎቹ የጋሉት የእሱን ድርሻ ተሸክመው ነው። የጋለውን ብቻ ጠግነህ ብትልከው በሚቀጥለው ጉዞ ያው ይግላል።

ያለፈው ክረምት ሊገባ ሲል ደጀን ማዳበሪያ አራግፎ የተመለሰ ሲኖትራክ ነበር። ረዳቱ ገና ሳይወርድ "ፍሬኑ ይሸታል" አለኝ። ስንፈታው የሁለቱ የኋላ ታምቡሮች ውስጥ ከልክ በላይ ግሎ ወደ ሰማያዊ አድልቷል። ሸራው እንደ መስታወት ያብለጨልጫል። ታምቡሩ ላይ ደግሞ ጥፍር የሚይዝ ስንጥቅ አለ። ቀለሙ ብቻ ቢሆን፣ ጸጉር የሚያክል ጭረት ብቻ ቢሆን እንነጋገር ነበር። ጥፍር የሚይዝ ስንጥቅ ላይ ግን ንግግር የለም።

ስምሪት ክፍል ግን ንግግር ነበረው። መርከቡ ጅቡቲ ቆሟል፣ ገበሬው ዝናብ እየጠበቀ ነው፣ መኪናው ነገ መነሳት አለበት። እውነታቸውን ነው። ማዳበሪያ ከዘር በኋላ ቢደርስ ምን ይረባል? ኃላፊው "ቶርኖ ቤት ወስደህ አስላጨውና ይውጣ" አለኝ። ታምቡር ውስጡ በማሽን ተፍቆ ይላጫል፣ አልክድም። ግን እስከ ምን ያህል ሊሰፋ እንደሚችል ልኩ ብዙ ጊዜ እራሱ ታምቡሩ ላይ ተጽፏል። የእኛዎቹ ከዚህ በፊት ተላጭተው ልኩ ጋ ደርሰዋል። ያን ስንጥቅ የሚያጠፋ መላጨት ደግሞ ታምቡሩን ቆርቆሮ ያደርገዋል። "ታዲያ ይበየዳ!" ያለም ነበር። ማን እንደሆነ አልናገርም፤ አሁንም አብረን ምሳ እንበላለን።

የመውጫ ወረቀቱን አልፈረምኩም። ስቶር ታምቡር የለም፤ መለዋወጫ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ አለ። ብሩ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ የመለዋወጫ ዋጋ ሲጠራ የግዢ ሠራተኛው ፊት ይለዋወጣል። እሱም ወጪ ለመቀነስ ብሎ ያገለገለ ሊገዛ ፈለገ። ዘልዬ አብሬው ሄድኩ። ያገለገለውን በመዶሻ መታ መታ አደረግኩት። ድምፁ ካልጠራ የተሰነጠቀ ነው። አልጠራም። ሻጩ ተቆጣኝ፤ እኔም አዲሱን አስገዛሁ። ሁለቱም ታምቡሮች፣ ሸራዎቹና ሸራውን ወደ ቦታው የሚመልሱት የላሉ ሞላዎች ተቀየሩ። መኪናው በሦስተኛው ቀን ወጣ። የስምሪት ኃላፊው ለሳምንት ያህል ሰላምታዬን በግማሽ ነበር የሚቀበለው።

አሁን ወደ ተሳቢው። መኪና ባለቤት አለው። ሹፌሩ ስም ያወጣለታል፣ መስታወቱ ላይ ጥቅስ ይለጥፍለታል፣ ባሌስትራው ቢንቋቋ ይሰማዋል። ተሳቢ ግን የማንም አይደለም። ዛሬ ከዚህኛው ይፈታል፣ ነገ ከዚያኛው ይቀጠላል። ግራሶ ማን እንዳጠጣው፣ ፍሬኑን ማን እንዳስተካከለው አይታወቅም። ተሳቢው ካልያዘ ደግሞ ያን ሁሉ ክብደት የፊቱ መኪና ብቻውን ያቆማል። የዚያ ሲኖትራክ ታምቡሮች ሰማያዊ የሆኑት ለምን ይመስላችኋል? ከኋላው የነበረውን ተሳቢ አስፈልጌ ስለካው ከስድስቱ ታምቡሮች አራቱ ቀዝቃዛ ነበሩ። የንፋስ ታንኩን ሳፈስሰው ወተት የመሰለ ውሃና ዘይት ወጣ። የጅቡቲ እርጥበት ነው። ኮምፕሬሰሩ አምቆ ያስገባዋል፣ የአየር ማድረቂያው ካረጀ እዚያው ይጠራቀማል። ሹፌሮች ታንኩን በየቀኑ ቢያፈስሱት ይህ አይመጣም ነበር። ግን የማንም ያልሆነ ተሳቢ ታንክ ማን ያፈስሳል?

አሁን ለእያንዳንዱ ተሳቢ የራሱ ደብተር እንዲኖረው ጠይቄያለሁ። መኪናው አብሮት ባይመጣም ተሳቢው ብቻውን ለምርመራ እንዲገባም ጠይቄያለሁ። ስምሪት ክፍል "ቆሞ የሚውል ተሳቢ የለንም" ብሎ መልሷል። ደብተሩን በራሴ ገንዘብ ገዝቼ ጀምሬዋለሁ። እስካሁን የግማሾቹን ታርጋ ጽፌያለሁ፤ ግማሾቹ ሚሌና ጋላፊ መሃል የሆነ ቦታ ናቸው።