ቁመት የሚለካው ማን ነው?

ከአዲስ አበባ ማልደን ተነሥተን፣ የዓባይን በረሃ ወርደን ወጥተን፣ ደብረ ማርቆስ ላይ ምሳ በልተን ባሕር ዳር የገባነው አመሻሽ ላይ ነበር። ስለ መንገዱ ብዙ አልጽፍም። ልጽፍ የተነሣሁት በማግሥቱ፣ ከጣና ዳር ብዙም በማይርቅ አንድ የልጆች መጫወቻ ስፍራ ስላየሁት ነገር ነው።

አብሮኝ የሄደው የእኅቴ ልጅ ሰባት ዓመቱ ነው። ከበሩ እንደ ገባን ዓይኑ ያረፈው ወንበሮቹ በሰንሰለት ተንጠልጥለው በሚሽከረከሩት ትልቅ ዥዋዥዌ ላይ ሆነ። ሞተሩ ሲፈጥን ወንበሮቹ ወደ ውጭ ይዘረጋሉ፤ ልጆቹ ከሰው ራስ በላይ ይንሳፈፋሉ። ከፊታችን አንድ አባት አራት ዓመት የሚሆናትን ልጁን ይዞ ተሰልፏል። ሞተሩን የሚያንቀሳቅሰው ወጣት፣ «ጋሼ፣ እሷ ገና ናት፤ ዘንጉ አይዛትም» አለው። አባትየው፣ «አባቷ እኔ ነኝ፤ ኃላፊነቱን እወስዳለሁ» ሲል መለሰ። ከኋላ ያለውም ሰው፣ «ተዋት እንጂ፣ ትጫወትበት!» እያለ አገዘው። ወጣቱ ወደ ትኬት ቆራጩ አየት አደረገና አሳለፋት።

እኔ አጥሩን ተደግፌ ቆሜ ነበር። የብረቱ ዘንግ ከፊቷ ተዘግቷል፤ በዘንጉና በሆዷ መካከል ግን ሁለት ጭብጥ ያስገባል። በእግሮቿ መካከል የሚያልፈው ማሰሪያ ላልቶ ተንጠልጥሏል። «ወንድሜ፣ ሞተሩን እንዳታስነሣው!» ብዬ ጮኽሁ። አባትየው ተቆጣ። ከዚያ ግን ራሱ ሄዶ እጁን በክፍተቱ አሳለፈና፣ አንዲት ቃል ሳይናገር ልጁን አቅፎ አወረዳት።

ይህን አባት አልወቅሰውም። ልጁን ይወዳታል፤ ስለ ዘንጉ ግን ማንም አልነገረውም። የቁመት ገደብ የሚወጣው መያዣው በምን ያህል ሰውነት ላይ በትክክል እንደሚያርፍ ታስቦ ነው። ዘንጉ ጭን ላይ መጫን ሲገባው ሆድ ፊት ከቀረ፣ ልጅ ከሥሩ ሾልኮ ይወጣል። ቁመት የተመረጠው በአንድ ዕይታ የሚለካ ስለሆነ ነው። ገደቡን የሚያወጣው ማሽኑን የሠራው ፋብሪካ ነው፤ የመጫወቻው ባለቤት ከፍ ሊያደርገው ይችላል እንጂ ዝቅ የማድረግ መብት የለውም። ታዲያ ወላጅ በአፉ «እወስዳለሁ» ስላለ ክፍተቱ አይጠብም።

እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2022 በአሜሪካ ኦርላንዶ ከተማ አንድ የ14 ዓመት ልጅ ከከፍታ ከሚወርድ መጫወቻ ላይ ወድቆ ሞቷል። የአምራቹ መመሪያ የተሳፋሪውን ክብደት በ130 ኪሎ ይወስን ነበር፤ ልጁ ግን ከዚያ በላይ ነበር። ምርመራው ያገኘው የወንበሩ መቆጣጠሪያ በእጅ ተስተካክሎ፣ መያዣው ከተለመደው በላይ ተከፍቶ ሳለ ማሽኑ እንዲነሣ መደረጉን ነው። የእኛም የ1952 ዓ.ም የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2081 ማሽን ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱን ኃላፊ ያደርጋል።

ሰልፉ ሲቀል ወጣቱን አነጋገርሁት። የሚከፈለው በተሸጠው ትኬት ልክ ነው፤ አንድ ልጅ በመለሰ ቁጥር ቤተሰቡ በሙሉ ገንዘቡን አስመልሶ ይወጣል። ይህ ነው ያንገበገበኝ። አደጋውን ለይቶ የሚያውቀው ሰው፣ እውነቱን በተናገረ ቁጥር ከእንጀራው ይቀነስበታል! መለኪያ አለ ወይ ስለው ወደ ምሰሶው ግርጌ ወሰደኝ። በተደራረበ ቀለም የተሸፈነች የብረት ሰሌዳ ነበረች። በሳንቲም ስንፍቃት 120 ሴንቲ ሜትር የሚል ቁጥር ብቅ አለ። የእኅቴ ልጅ ሲለካ ጥቂት ጎደለውና አልወጣም። እስከ ማታ አኮረፈኝ።

በሚቀጥለው ቀን በጀልባ ወደ ዘጌ ተሻገርን። ባለ ጀልባው ለልጁ የሚሆን ትንሽ የመንሳፈፊያ ጃኬት ስላልነበረው፣ ከጎረቤት ጀልባ እስኪመጣለት ድረስ ሁላችንንም አስቀምጦ ጠበቀ። «ካልታሰረ ሞተር አይነሣም» አለ፤ ማንም አላጉረመረመም። ጀልባዋ የራሱ ናት፤ ሊቆጣው የሚችል አለቃ የለበትም።

ከባሕር ዳር ከመውጣታችን በፊት የመጫወቻውን ባለቤት ፈልጌ አገኘኋቸው። መለኪያው ትኬት መሸጫው ላይ ይቁም አልኋቸው፤ ተሰልፎ፣ ከፍሎና ጓጉቶ የደረሰን ልጅ ከወንበሩ ሥር መመለስ ለወጣቱም ለልጁም ከባድ ነው። ለወጣቱም በትኬት ሳይሆን ወርኃዊ ደመወዝ ይቁረጡለት አልኋቸው። መለኪያውን ወዲያው ተቀበሉ፤ የእንጨት ሠራተኛም እዚያው ፊቴ ጠሩ። ስለ ደመወዙ ግን «እናስብበታለን» ብለውኛል።