ቤዛ የሚለው ቃል

ይህን ምስክርነት እንደምጽፍ ለእናቴ ቃል ከገባሁላት ቆይቷል። እሷ ስለቷን በእግሯ ሄዳ ከፍላለች። የእኔ ግን እስከ ዛሬ ሳይከፈል ቀረ። የነቢያት ጾም በገባ ቁጥር ልቤን ይከብደኛል። ስለዚህ ዛሬ ልጻፈው።

የመርሳ ልጅ ነኝ። ከወልድያ ወደ ደሴ ስትሄዱ መንገድ ዳር ብርቱካን ተደርድሮ የምታዩባት፣ የሰሜን ወሎዋ መርሳ። በእኛ ሰፈር ወንድ ልጅ ያደረሰች እናት ሁሉ አንድ ፍርሃት አለባት። ልጁ አንድ ማለዳ ከመኝታው ይጠፋል። አፋር፣ ሎጊያ ታየ ይባላል። ከዚያ የጅቡቲዋ ኦቦክ፣ ከኦቦክ በጀልባ የመን። ሳዑዲ የሚባለው አገር ገና ከዚያ ወዲያ ነው።

ታናሽ ወንድሜ የወጣው በ2011 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ነው። ጊዜው ጽጌ ነበር። እናቴ፣ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ወደ ግብፅ የተሰደደችበትን እያሰበች ጽጌን ትጾማለች። ማኅሌት አድራ እሑድ ማለዳ ስትመለስ መኝታው ባዶ ነበር። አላለቀሰችም። ነጠላዋን ሳታወልቅ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች። ፀሐይ እስኪበረታ ድረስ አልተነሳችም።

ኅዳር አጋማሽ ላይ ስልኬ ጠራ። የማላውቀው የውጭ ቁጥር ነው።

«እቴ፣ ሽጡና አውጡኝ።»

ወንድሜ ሌላ ቃል አልጨመረም። ከኋላው የሚጮህ ሰው ይሰማኛል። ቀጥሎ ሌላ ድምፅ መጣ፤ የመን ላይ ከያዙት ሰዎች አንዱ ነው። ጥርት ባለ አማርኛ 60,000 ብር አለኝ። ቀን ቆረጠልኝ። ብሩ የሚገባበትን ነገረኝ። ካልሆነ ምን እንደሚያደርጉትም ነገረኝ፤ ያንን አልጽፈውም።

አስተማሪ ነኝ። የነበረኝ ቁጠባ 14,000 ብር ብቻ ነው። እናቴ ጥገቷን ላም ሸጠች። አጎታችን የቻለውን አመጣ። ቅሬው፣ ማለትም እድራችን፣ ተሰበሰበ፤ የእኛ ቅሬ እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ነው፤ ሰው አሥርም ሃምሳም እያለ አዋጣ። ያም ሆኖ 13,000 ብር ጎደለ። ቀኑ ሊሞላ ሁለት ቀን ቀረው።

ማታ ሼሁ ጎረቤታችን መጡ። ቁጭ እንኳ አላሉም። በጨርቅ የተቋጠረ ብር እናቴ እጅ ላይ አኖሩና «አብሽሪ፣ ያንቺ ልጅ የእኔ ልጅ ነው» ብለው ወጡ። ብሩ ከየት እንደመጣ ያወቅነው በማግስቱ ነው። ከጥማዳቸው አንዱን በሬ ሸጠው ነበር። ገበሬ የሆነ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። አንድ በሬ አያርስም። ሼሁ በሚቀጥለው እርሻ ባለ አንድ በሬ ሰው ፈልገው መቀናጆ ገቡ። የሰውየውን ተራ እየጠበቁ፣ ዘግይተው አረሱ። በዚያ ሳምንት ቤታቸው ወዳጃ፣ የጋራ ጸሎት፣ ተቀምጦ ነበር። ከታች ቤት ያለችው ጎረቤታችንም መጥታ ስለ ወንድሜ አብራ ዱዓ አደረገች። የሷ ልጅ ያን ጊዜ ገና እቤት ነበር።

ብሩን ላክን። ከዚያ ስልኩ ጸጥ አለ።

አንድ ሳምንት ሆነ። ሁለት ሳምንት ሆነ። ያ ቁጥር አይጠራም። ለልጃቸው በዚህ መንገድ የከፈሉ ሌሎች ቤተሰቦች ነገሩን አስረዱኝ። አንዳንዴ እንደገና ይጠይቃሉ፤ አንዳንዴ ደግሞ ዝም ይላሉ፤ ዝም ሲሉ ተስፋ ቁረጡ አሉኝ። እኔም ቆረጥኩ። መጸለይ አቆምኩ። ይህን የምጽፈው አሁንም እየከበደኝ ነው። ለሰንበት ተማሪ ልጆች መዝሙር የማስጠና ሰው ነበርኩ፤ በዚያ ወር ግን በአፌም በልቤም ጸሎት አልነበረም።

ታኅሣሥ 28፣ የገና ዋዜማ። ጋድ ነውና እናቴ ጾም ላይ ናት። ቤታችን ዶሮ የለም፣ ድፎ አልተደፋም። ነጠላዋን ለብሳ ለቅዳሴ ተነሳች።

«ተነሽ እንጂ» አለችኝ።

«አልሄድም። ከፈልን፣ ለመንን፣ ምን ቀረ?»

አልተቆጣችም። አጠገቤ ተቀመጠች። «አንች አስተማሪ ነሽ» አለችኝ፤ «ነገ ንጋት ላይ ላሊበላ ቤዛ ኵሉ ይባላል። ቤዛ ማለት ምንድን ነው?»

«አዳኝ ማለት ነው» አልኳት፣ ልገላግላት ብዬ።

«እህ። ሼሁ በሬያቸውን ለምን ሸጡ?»

ዝም አልኩ።

«እሱ ነው ቤዛ። በሰው ዕዳ አንተ ስትጎድል። እኛ ብሩን ላክነው እንጂ እዚያ አልሄድንም። እግሬ ቢችል እሄድ ነበር። ጌታ ግን ራሱ መጣ፣ ልጄ። ዛሬ የመጣበት ሌሊት ነው።»

ይህን ብላ ወጣች።

እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። እኔ ግን «ቤዛ ኵሉ ዓለም ዮም ተወልደ» የሚለውን ከልጅነቴ ጀምሮ በዜማ አውቀዋለሁ። የዓለም ሁሉ ቤዛ ዛሬ ተወለደ ማለት እንደሆነም አውቃለሁ። ግን ለእኔ የበዓል ድምፅ ነበር። ከድፎው፣ ከጠላው፣ ሜዳ ላይ ሩር ከሚያሳድዱት ልጆች ጋር አብሮ የሚመጣ ነገር። ያን ሌሊት ቃሉ ሌላ ሆነብኝ። ቤዛ ምን እንደሆነ በስልክ ሰምቼዋለሁ። ዋጋ ተጠርቶብኛል። ቆጥሬ ከፍያለሁ። ሰው ከታሰረበት ለማውጣት ምን ያህል እንደሚጎድል ከሼሁ በረት አይቻለሁ። በማርቆስ ወንጌል ጌታ የሰው ልጅ የመጣው «ነፍሱንም ለብዙዎች ቤዛ ሊሰጥ» ነው ይላል። ስንት ጊዜ አንብቤው አልፌዋለሁ።

እኛ ብሩን ከሩቅ ላክን፤ ወንድሜ አልወጣም። እግዚአብሔር ግን ዋጋውን ከሰማይ አልወረወረም። በሩን ከፍቶ እስረኞቹ ወዳሉበት ራሱ ገባ። ሕፃን ሆኖ፣ ማደሪያ አጥቶ፣ ግርግም ላይ ተኝቶ፣ ብዙም ሳይቆይ እሱም ስደተኛ ሆኖ። ልደት ማለት ይህ መግባት ነው። ሠላሳ ጊዜ ገናን ያከበርኩ ሰው ይህን ያወቅሁት በዚያች ሌሊት ነው።

ጨለማው ውስጥ ተንበርክኬ ያልኩት ይህን ብቻ ነው፦ «ጌታዬ፣ እኔ ልገባበት አልችልም። አንተ ግባ።»

ስልክ አልተደወለም። በማግስቱም አልተደወለም። ግን ጸሎት ተመለሰልኝ። በየማታው ያንኑ ቃል እል ነበር።

ጥር 21፣ የአስተርዮ ማርያም ዕለት፣ ከኦቦክ ራቅ ሳይል ስደተኛ የጫኑ ሁለት ጀልባዎች ሰጠሙ። ከ50 በላይ ሰው እንደሞተ በሬዲዮ ሰማን። ያቺ ከታች ቤት ያለችው ጎረቤታችን መጥታ መሬት ላይ ተቀመጠች። ልጇ በታኅሣሥ መጨረሻ ወጥቶ ነበር። ኦቦክ መድረሱን ነግሯታል። ከዚያ ወዲህ ድምፁ የለም።

ወንድሜ የደወለው የካቲት ላይ ነው። «እቴ፣ ወጥቻለሁ። ኤደን ነኝ።» የየመኗ የወደብ ከተማ ናት። ስልኩን ለእናቴ ሰጠኋት፤ ልታወራ አልቻለችም። ዝም ብላ ትንፋሹን ታዳምጥ ነበር።

ታሪኩን ቆይቶ ነገረን። የላክነው ብር ደርሷቸዋል። ሌላ ሊጠይቁ አስበው ሳለ እሱ በወባ ወደቀ፤ የግራ እግሩም ቆስሎ ነበር። አይተርፍም ብለው ከሌሎች ሦስት ልጆች ጋር በሌሊት መኪና ላይ ጭነው መንገድ ዳር ጣሏቸው። ማለዳ አንዲት አሮጊት የመናዊት ፍየሎቿን እየነዳች አገኘቻቸው። ውኃ አጠጣችው። ደጇ ላይ አስተኝታ ዘጠኝ ቀን ዳቦ በሻይ እየነከረች አበላችው። ከእሷ የተማረው የዓረብኛ ቃል «ልጄ» የሚለው ነው። የተጣለው በየትኛው ቀን እንደሆነ እናቴ ደጋግማ ጠየቀችው። ከገና ሌሊት ጋር ልታገጣጥመው ፈልጋ ነው። እሱ ግን እዚያ ቀን የሚቆጥርበት አቅም አልነበረውም። እኔ ቀኑ አያስጨንቀኝም። በሩ መከፈቱን አውቃለሁ።

ሰኔ ላይ ዓለም አቀፉ የስደተኞች ድርጅት ከኤደን ባዘጋጀው አውሮፕላን ቦሌ ገባ። እያነከሰ ነበር። መርሳ የደረሰ ቀን መጀመሪያ እልል ያለችው ከታች ቤት ያለችው ጎረቤታችን ናት። ያን እልልታ ሳስበው ዛሬም ሰውነቴን ይወረኛል። እኛ ለምነን ልጃችን መጣ፤ እሷም ለምናለች። ለምን እንዲህ እንደሆነ ጌታን ጠይቄዋለሁ፤ አሁንም እጠይቀዋለሁ።

እናቴ ስለቷ ልጇ ከመጣ ላሊበላ በእግሯ ሄዳ ልደትን ልታከብር ነበር። የሚቀጥለው ዓመት፣ 2012፣ ዘመነ ዮሐንስ ስለነበር ገና የዋለው ታኅሣሥ 28 ነው። ከመንገደኞች ጋር የላስታን ተራራ አምስት ቀን ተጓዘች። ወንድሜ እግሩ ስለማይችል እሱና እኔ በጋሸና በኩል በመኪና ሄድን። ስትነሳ ሼሁ በሶ አስቋጥረው ሸኟት።

ላሊበላ ስንገናኝ ያረፈችበት ቤት ባለቤት እግሯን ስታጥብ አገኘኋት። የአገሩ ሰው የሩቅ እንግዳ እግር ያጥባል። ሴትዮዋ ጎንበስ ብላ የተሰነጠቀውን ተረከዟን በሞቀ ውኃ ታሻለች። እናቴ «ተይ፣ ተይ» ትላለች። ወንድሜ ይህን አይቶ ወደ ውጭ ወጣ። በኋላ «ያቺ ሴት ትዝ አለችኝ» አለኝ፤ ፍየሎች የነበሯት።

ሌሊቱን ሙሉ ብርድ ነበር። ቅዳሴው እንዳለቀ ካህናቱ ቤተ ማርያምን ከከበበው ዓለት አናት ላይ፣ ማሜ ጋራ፣ ነጭ ለብሰው ተሰለፉ። ከላይ ያሉት የመላእክት፣ ከታች ያሉት የእረኞች ምሳሌ ናቸው። ከላይ ሲወርድ ከታች ይመለሳል። ቤዛ ኵሉ። ቤዛ ኵሉ። መቋሚያው አብሮ ይወርዳል፣ አብሮ ይነሳል። ወንድሜ ፊቱን በጋቢው ሸፍኖ ያለቅሳል።

እናቴ ጧፏን ይዛ ዓይኗን ጨፍናለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። የሰው ስም እየጠራች ነው። የወንድሜን የክርስትና ስም መስሎኝ ጠጋ አልኩ።

የወንድሜ አልነበረም። የክርስትና ስምም አይደለም፤ ሼሁ ራሳቸው ያወጡለት፣ ከታች ቤት ያለችው የጎረቤታችን ልጅ ስም። እናቴ ደጋግማ እሱን ትጠራ ነበር።