የአፍዴራው አመድ እና የእኔ አይሱዙ

ጨው ለመጫን ከደብረ ብርሃን ተነሥቼ አፋር ውስጥ ያለችው አፍዴራ የደረስኩት ቅዳሜ ማታ ነበር። በማግስቱ፣ እሑድ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ከረፋዱ 5 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ የሃይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ አይሱዙዬን ከጨው ክምሩ አጠገብ አቁሜ ተራዬን እጠብቅ ነበር። መጀመሪያ የመድፍ ተኩስ የሚመስል ድምፅ ተሰማ፤ ቀጥሎም ሰማዩ ላይ እንደ ዋርካ እየሰፋ የሚሄድ ግራጫ ደመና ታየን። ኋላ እንደሰማነው ደመናው 14 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ላይ ወጥቶ፣ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ፣ በየመንና በኦማን ላይ አልፎ እስከ ሕንድ ድረስ ደርሷል። እኛ ግን በቅርብ ስለነበርን ዱቄቱ እላያችን ላይ ይወርድ ጀመር።

ያሳሳተኝ «አመድ» የሚለው ስሙ ነው። ሰሜን ሸዋ ውስጥ ላደገ ሰው አመድ ማለት ከእናቱ ምድጃ የሚዛቅ፣ በትንፋሽ የሚበን፣ ድስት የሚታጠብበት ለስላሳ ነገር ነው። ስለዚህ የፊቱ መስታወት ሲደበዝዝ ረዳቴ «ጋሼ፣ ልጥረገው?» ብሎ ሲጠይቀኝ፣ እኔው ራሴ እጄን ሰድጄ የዝናብ መጥረጊያውን አስነሣሁት። መጥረጊያው ሁለት ጊዜ ብቻ ተመላለሰ። የሰማሁት ድምፅ ጎማ መስታወት ላይ ሲንሸራተት የሚሰማው አልነበረም፤ ቢላ ድንጋይ ላይ ሲሳል የሚሰማው ነበር። በዚያች ቅጽበት የተጫረው ግማሽ ክብ ዛሬም አለ። ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር ስወጣ የማታ ፀሐይ ፊት ለፊት ስትመታኝ፣ ጭረቱ እንደ ሸረሪት ድር እያበራ መንገዱን ይጋርደኛል።

የእሳተ ገሞራ አመድ የተቃጠለ ነገር ቅሪት አይደለም። ቅልጥ ዐለቱ በውስጡ ባለው ጋዝ ኃይል ሲፈነዳ ተሰባብሮ የሚወጣ የድንጋይና የመስታወት ስባሪ ነው፤ እያንዳንዱ ፍሬ ከ2 ሚሊ ሜትር ያነሰ ሲሆን ጠርዙ ስለት ነው። ውኃ ውስጥ አይሟሟም። ሲወጣ ላዩ ላይ ከጋዙ የመጣ አሲድ ስለሚለጠፍበት፣ እርጥበት ሲያገኝ ብረት ይበላል፣ ኤሌክትሪክም ያስተላልፋል። ይህን አስቀድሜ ባውቅ ኖሮ መስታወቴ አይጫርም ነበር፤ ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ የተነሣሁትም ሌላው ሾፌር አውቆት እንዲጠብቅ ነው።

መጥረጊያውን ካቆምኩ በኋላ ሞተሩን አጠፋሁና አመዱ መውረዱን እስኪተው ድረስ ላለማስነሣት ወሰንኩ። ሞተር የሚሠራው አየር እየሳበ ስለሆነ፣ በዚያ አየር ውስጥ ያለ ሁሉ ወደ አየር ማጣሪያው፣ ወደ ፊልትሮው፣ ይሄዳል፤ ፊልትሮው ከታፈነ ሞተሩ ጉልበት ያጣል፣ ከፊልትሮው ያለፈው ደግሞ ሲሊንደሩን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል። መስኮቶቹን ዘጋን። ለጨው የያዝነውን ሸራ ከጋቢናው አናት ጀምረን እስከ ራዲያተሩ ድረስ አልብሰን፣ ነፋስ እንዳይገልበው ጫፉን በገመድ አሰርነው። ከጋቢናው ጀርባ ያለውን የአየር መሳቢያና የጭስ ማውጫውን በጨርቅ ጠቀጠቅናቸው፤ ጨርቁን ረስቼ ሞተር እንዳላስነሣም ከዚያው ጨርቅ ቀድጄ መሪው ላይ ቋጠርኩ። ይህች ቋጠሮ ትንሽ ነገር ብትመስልም፣ በማግስቱ እንቅልፍ አጥተን በችኮላ ስንነሣ ያስታወሰችን እርሷ ናት።

ሰኞ ጠዋት ሸራውን ስናነሣ መኪናችን ከጎናችን ከቆሙት የተሻለ ነበር። ጭንቁ ውኃ ነበር። የአፍዴራ ሐይቅ አጠገባችን ቢሆንም ጨዋማ ውኃ ብረት ላይ ማፍሰስ ዝገትን መጥራት ስለሆነ አልነካነውም፤ የነበረን ለመጠጥ የያዝነው ሁለት ጀሪካን ብቻ ነው። ስለዚህ የቀለም ብሩሽ ከአንድ ነጋዴ ለምነን፣ አመዱን ሳንጫን፣ ከላይ ወደ ታች እየገፋን አወረድነው፤ ከዚያ በኋላ መስታወቱና መብራቱ ላይ ብቻ ውኃ በጣሳ አንቆረቆርን። በጨርቅ ምንም አላሸንም። እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልናገር፤ እኛ ስለ መኪና ስንጨነቅ የአካባቢው አርብቶ አደሮች የፍየሎቻቸው ግጦሽ በአመድ ተሸፍኖባቸው ቆመው ያዩ ነበር፤ ያ ትዕይንት እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም።

ወደ ሰርዶ ስንነሣ ፍጥነታችንን ከ50 ኪሎ ሜትር በታች አደረግን፤ ከፍጥነቱ ይልቅ ግን የጠቀመን ከፊታችን ካለው መኪና ርቀን መሄዳችን ነው፤ ምክንያቱም መሬት ላይ የተኛው አመድ ከፊት መኪና ጎማ ሥር እየተነሣ እንደገና ይወርዳል። መብራት አብርተን፣ የጋቢናውን አየር ማስገቢያ ዘግተን፣ አፍንጫችንን በሻሽ ሸፍነን በሙቀቱ ታገሥን። በየሰዓቱ እየቆምን ፊልትሮውን አወጣን። ፊልትሮ ሲራገፍ አየሩ ከውስጥ ወደ ውጭ መነፋት አለበት፤ ከውጭ ወደ ውስጥ የነፋው ሰው ስባሪውን በወረቀቱ ውስጥ ገፍቶ ወደ ሞተሩ ያሳልፈዋል። እኛ የጎማ መንፊያውን ቱቦ ከመኪናው የአየር ታንክ ላይ ገጥመን፣ ራቅ አድርገን ቀስ ብለን ነፋነው። ሠመራ ስንደርስ አዲስ ፊልትሮ ገዛሁ፤ አሮጌውን መዳፌ ላይ መታ ባደርገው በየእጥፋቱ ውስጥ ተደብቆ የነበረው ግራጫ ዱቄት እፍኝ ሞላ።

ሸዋ ሮቢት ላይ ውኃ አገኘን። መኪና አጣቢው ልጅ እንደ ልማዱ ስፖንጁን በሳሙና ነክሮ ሊያሽ ሲል እጁን ያዝኩት። መጀመሪያ ብዙ ውኃ በቀስታ ማፍሰስ፣ አመዱ ራሱ እስኪወርድ መታገሥ፣ እጅ የሚነካው ከዚያ በኋላ ነው። ኃይለኛ የውኃ ግፊትም አልፈቀድኩም፤ ግፊቱ አመዱን ወደ በር ጎማዎችና ወደ ሽቦ መገጣጠሚያዎች ያስገባዋልና። ራዲያተሩን ከሞተሩ በኩል ወደ ፊት አጠብነው፤ አመዱ የገባው ከፊት ስለሆነ በመጣበት መንገድ መውጣት አለበት።

ደብረ ብርሃን እንደገባሁ በማግስቱ ዘይት አስቀየርኩ። ጋራዡ ውስጥ ያለው መካኒክ፣ ዘይቱ ገና ሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር እንኳ እንዳልሠራ ነግሮ ሊያስቀረኝ ሞክሮ ነበር። ይሁን እንጂ አመድ በበዛበት መንገድ የሚነዳ ሰው በየ80 እስከ 160 ኪሎ ሜትሩ ዘይት እንዲቀይር ይመከራል፤ እኔ ከዚያ እጅግ ርቄ ነበር። የወጣውን ዘይት በሁለት ጣቴ መካከል ሳሸው ደቃቅ አሸዋ ሲሻክር ተሰማኝ። መካኒኩም ነክቶ አየውና ዝም ብሎ አዲሱን ሞላ። ጎማዎቹ ሲፈቱ የኋላው ፍሬን ሸራ በቁመቱ ተጭሮ ተገኘ፤ ቀየርነው።

ነገሩ አለቀ ብዬ ሳለ ከሳምንት በኋላ የደብረ ብርሃን ውርጭ ሌላ ነገር አሳየኝ። ሌሊት በመኪናው ላይ የተኛው አመዳይ ጠዋት በፀሐይ ሲቀልጥ፣ ከመስታወቱ ጎማ ሥር ግራጫ ጭቃ እየተንጠባጠበ ወረደ። ኮፈኑን ብከፍት የባትሪው ራሶች ዙሪያ ያው ጭቃ ደርቆ ነበር። ባትሪውን ፈትቼ፣ በንጹሕ ውኃ አጥቤ፣ አድርቄ፣ ግራሶ ቀብቼ መለስኩት። ከዚያ ወዲህ ለአንድ ወር ያህል በየቅዳሜው የመስታወቱን የጎማ ክፈፎች ከፍቼ ውኃ አፈስስባቸው ነበር፤ እስከ ሦስተኛው ቅዳሜ ድረስ ግራጫ ውኃ ይወጣ ነበር።

ይህ ሁሉ የአፋር ጉዳይ ነው ብሎ የሚያልፍ የሸዋ ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን የፈንታሌ እሳተ ገሞራ ከእኛው ከምንጃር ሸንኮራ ጎን ነው። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ ምድር ደጋግማ ስትንቀጠቀጥ ደብረ ብርሃንም ቤታችን ተወዛውዟል፤ በታኅሣሥ መጨረሻም በዶፈን በኩል እንፋሎትና ጭቃ ከመሬት ወጥቷል። ፈንታሌ ለመጨረሻ ጊዜ ቅልጥ ዐለት ያፈሰሰው በጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ1820 ገደማ እንደሆነ ይነገራል። አሁን ከጋቢናዬ ወንበር ሥር አንድ ትርፍ ፊልትሮ፣ ሰፊ ላስቲክ፣ የቀለም ብሩሽና የአፍንጫ ጭንብል አሉ፤ ከጭነቱ ጎን ደግሞ 20 ሊትር የሚይዝ፣ ለመጠጥ የማይነካ የጀሪካን ውኃ። ባለፈው እዚያው ምንጃር፣ አረርቲ የሚኖር የአክስቴ ልጅ፣ ትንሽ የቤት መኪና ያለው፣ እርሱስ ምን ይያዝ ብሎ ጠየቀኝ። ያው ይበቃሃል አልኩት፤ ከዚያ መስታወቴ ላይ ያለውን ግማሽ ክብ በጣቱ አስዳሰስኩት።